ትውፊቱ ጥሩንባው ላይ አይደለም፦ ስለ ድራም ኮር ለቀረበ ወቀሳ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስለ ድራም ኮር በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በእኛ ቋንቋ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው አሜሪካ ረጅም ዘመን የኖሩ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ድራም ኮርን ሲከታተሉ የቆዩ አባት ናቸው። ነገሩን ከልባቸው እንደሚወዱት ያስታውቃል። ስለዚህ የምመልስላቸው በአክብሮት ነው። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ልጄ ሁለት ሰመር እዚያ ሜዳ ላይ ተሰልፋለች። እኔም አንዱን ሰመር በኮሩ፣ ማለትም በቡድኑ፣ የምግብ መኪና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ከርሜያለሁ። «የዛሬ ልጆች ትውፊቱን ቀበሩት» ሲባል የማውቃቸው ልጆች ፊት ነው ድቅን የሚልብኝ።

ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ድራም ኮር ወጣቶች ከበሮና ብራስ (ጥሩንባና መሰል የብረት መሣሪያ) እየተጫወቱ፣ ባንዲራ እያወናጨፉ፣ በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ የሚወዳደሩበት ጥበብ ነው። ክላርኔት የለም፣ ሳክስፎን የለም፣ ዋሽንት የለም። ዋናዎቹ ትራምፔት፣ ሜሎፎን፣ ባሪቶን፣ ቱባና ከበሮ ናቸው። ትርዒቱ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ለዚያች 12 ደቂቃ ልጆቹ ሰመሩን ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። የሚተኙት በየትምህርት ቤቱ ጂም ወለል ላይ ነው። በዋናው ምድብ ከ22 ዓመት በላይ የሆነ አይሰለፍም። ውድድሩን የሚመራው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል፣ ባጭሩ ዲሲአይ የሚባለው ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ዊስኮንሲን ውስጥ ዋይትዋተር በምትባል ከተማ ተካሄደ። ከ2009 ወዲህ የፍጻሜው ቤት ኢንዲያናፖሊስ ያለው ሉካስ ኦይል ስታዲየም ሆኗል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የጸሐፊው ክስ ባጭሩ ይህ ነው። ድራም ኮር ንጹሕ የወታደር ጥበብ ነበር፤ የዛሬ አሠልጣኞች አበላሹት። ማይክና ሲንተሳይዘር (የኤሌክትሪክ ኪቦርድ) ከገባ በኋላ ድራም ኮር መባሉ ቀርቷል። ዳንስና የመድረክ ዕቃ ሥነ ሥርዓቱን ገደለው። የሚያንጎራጉሩት ዜማ ስለጠፋ ተመልካቹ ሸሸ። በመቶ የሚቆጠሩ ኮሮች የጠፉትም በዚሁ አዲስ ፈሊጥ የተነሣ ነው። መፍትሔው ደግሞ በጂ ቃና ወደተሠራው የድሮ የወታደር ጥሩንባ፣ ወደ ቢውግል፣ መመለስና የኤሌክትሪክ ገመድን ከሜዳ ማውጣት ነው። ለዚህም ፊርማ እንድናሰባስብ ይጠይቃሉ።

«ንጹሕ» የሚሉት የትኛውን ዘመን ነው?

ከወታደር መወለዱ እውነት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ዘማቾች ናቸው በየሰፈሩ ቡድን ያቋቋሙት። አሜሪካን ሊጅን የሚባለው የዘማቾች ማኅበርና መሰሎቹ ውድድሩን ያዘጋጁ ነበር። ከጦሩ የተረፈ ቢውግልና ከበሮ በርካሽ ይገኝ ነበር።

ግን ያ ቢውግል ምን ዓይነት ነበር? ምንም ቫልቭ (ድምፅ ለመቀየር በጣት የሚጫኑት ቁልፍ) የሌለው፣ በከንፈር ብቻ የሚሠራ፣ ጥቂት ድምፆችን ብቻ የሚያወጣ። ለማንቂያና ለሰልፍ ይበቃል። ሙሉ ዜማ ግን አይወጣለትም። ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቫልቭ ተጨመረበት። ከዚያ ትልልቆቹ ቢውግሎች መጡ፤ በትከሻ የሚሸከሙት ኮንትራ ጭምር። ኮንትራ ለጦር ሜዳ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። የወፍራሙን ድምፅ (የቤዙን) ጉድለት ለመሙላት ድራም ኮር ራሱ የወለደው ነው። በ1977 ሁለት ቫልቭ ተፈቀደ። በ1990 ሦስት ሆነ። በ2000 ደግሞ «በጂ ቃና ብቻ» የሚለው ሕግ ተነሣ። ዛሬ ብዙዎቹ ማንኛውም የትምህርት ቤት ባንድ የሚጠቀምበትን የቢ ፍላት መሣሪያ ይዘው ነው የሚወጡት።

እንግዲህ ጸሐፊው የሚናፍቁት የ1970ዎቹ ቢውግል መንገዱ መሐል ላይ ያለ ነው። የ1920ዎቹ ዘማች ቢያገኘው የእኔ መሣሪያ ነው ብሎ አይቀበለውም ነበር።

ዲሲአይ ራሱ እንዴት እንደተወለደም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕጉ፣ ዳኝነቱና ገንዘቡ በዘማቾቹ ማኅበራት እጅ ነበር። የኮሮቹ መሪዎች ይህ አንገሸገሻቸው። ትሩፐርስ የተባለው ኮር መሪ ጂም ጆንስና ካቫሊየርስ የተባለው ኮር መሪ ዶን ዋረን ከሌሎች ጋር ሆነው የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ትሩፐርስ ማለት ዋዮሚንግ ውስጥ ካስፐር የሚገኝ፣ የድሮ ፈረሰኛ ጦር ዩኒፎርም የሚለብስ ኮር ነው። መልኩን ላየው ከእሱ በላይ ባህላዊ የለም። የድሮውን ሥርዓት ጥለው ከወጡት ሰዎች አንዱ ግን የእሱ መሥራች ነበር። ጸሐፊው ወርቃማ የሚሉት ዘመን የጀመረው እንዲህ ነው።

ትውፊት የለም እያልኩ አይደለም። አለ። የት እንዳለ ላሳይዎት። የስኔር ከበሮ የሚመታውን ልጅ ግራ እጅ ይመልከቱ። ቀኝ እጁ ዱላውን ከላይ ይይዛል። ግራ እጁ ግን መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ዱላውን በአውራ ጣቱ ሥር አሳልፎ፣ በመሐልና በቀለበት ጣቱ መካከል ያወጣዋል። ለምን? ድሮ ከበሮው በጠፍር ከአንገት ይንጠለጠልና ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ነበር። ያንን ያዘመመ ከበሮ ለመምታት ግራ እጅ መገልበጥ ነበረበት። ዛሬ ከበሮው ትከሻ ላይ በሚታጠቁት መያዣ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። መገልበጡ አያስፈልግም። ሆኖም የታላላቆቹ ኮሮች ከበሮ መቺዎች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚይዙት። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሌሎቹ ጥላ ሥር ሲተኙ፣ በዚያች ግራ እጁ ብቻ የአውቶቡሱን ጎማ ሲመታ አይቼዋለሁ። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ማንም አላዘዘውም። ፊርማም አልተሰበሰበበትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጉባኤ ቃና ከጥንት ጀምሮ ሁለት ቤት ነው። ልኩም የታወቀ ነው። ግን የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢቀርብ መምህሩ አይቀበሉትም። አዲስ መቁጠር አለበት። ድራም ኮርም እንዲሁ ነው። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን እንኳ ያንኑ ትርዒት ይዞ አይመለስም። ሁሉም በየዓመቱ ከባዶ ሜዳ ይጀምራል። እኔ ትውፊቱ ብዬ የማውቀው ይህንን ነው።

ማይኩ፣ ገመዱ፣ ሳጥኑ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ከግማሹ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ውድድር ላይ ወደ ጎን ካለው ድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። የሲንተሳይዘሩ ባስ በተለቀቀ ቁጥር ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ቱባ የተሸከሙትን ልጆች ጉንጫቸው ሲነፋ አያለሁ፤ ድምፃቸውን ግን አልሰማም። ተናደድኩ። አንድ ልጅ ያንን የሚያህል ብረት ሰመሩን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞ፣ ድምፁን ሳጥን ሲውጠው ማየት ያናድዳል። ይህ መታረም አለበት። ዳኞችም ነጥብ ሊቀንሱበት ይገባል።

ቀሪው ግማሽ ግን ትክክል አይደለም። ጸሐፊው «ሁሉም ከሳጥን ነው የሚወጣው» ብለዋል። ድምፅ ማጉያ በ2004 የተፈቀደበትን ምክንያት ሳይጠቅሱ ነው ያለፉት። ከሜዳው ፊት ለፊት የቆሙትን ማሪምባና ቫይብራፎን (በመምቻ የሚመቱ ረድፍ እንጨቶችና ብረቶች) የሚጫወቱ ልጆች ያስቡ። ከኋላቸው ከ70 በላይ ብራስ በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። ያለ ማይክ ለመሰማት የነበራቸው አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ በጠንካራ መምቻ መደብደብ። የማሪምባ እንጨት በለስላሳ መምቻ ነው የሚያምረው። ሲደበደብ ድምፁ ይደርቃል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ማይኩ ሲመጣ ልጆቹ መሣሪያውን እንደ ወጉ መጫወት ቻሉ።

በነገራችን ላይ እነዚህ መሣሪያዎች መሬት ላይ እንዲቀመጡ የተፈቀደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ልጆች ቲምፓኒ የሚባለውን ትልቅ ከበሮ ሳይቀር ተሸክመው ይሰለፉ ነበር። ያኔም መሬት ላይ ማስቀመጥ ድራም ኮርን ያጠፋዋል ያሉ ነበሩ።

ሲንተሳይዘር በ2009 ተፈቀደ። ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ተጠቅሞበታል አልልም። ግን በ2014 ብሉኮትስ የተባለው የካንተን፣ ኦሃዮ ኮር «ቲልት» የሚለውን ትርዒት ሲያቀርብ፣ ብራሱና ኤሌክትሮኒክሱ አንድ ላይ ሆነው ድምፁን እንደ ላስቲክ ስበው ሲያጣምሙት የተፈጠረውን ጩኸት በቪዲዮ ይመልከቱ። ሕዝቡ ራሱን ይዞ ነው የተነሣው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ነው የወጡት። ዛሬም ግን ያቺን ቅጽበት የማያስታውስ የድራም ኮር ወዳጅ አላጋጠመኝም።

ጸሐፊው በመግቢያቸው ላይ የክቡር ዘበኛን ጥሩንባዎች ድምፅ እንደሚናፍቁ ጽፈዋል። እኔም እናፍቃለሁ። ግን ያ ድምፅ ከየት መጣ? በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ መጥተው ማርሽ ይነፉ ጀመር። አርባ ልጆች ያልናቸው ናቸው። ያኔ ብራስ የቤተ መንግሥትና የሰልፍ ነገር ነበር። በኋላ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ባንዶች ውስጥ ያደጉ ሙዚቀኞች ያንኑ ጥሩንባ ወደ ትዝታና ባቲ አመጡት፣ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከኦርጋን ጋር አጋቡት። «ማርሽ ብቻ ንፉ፣ ገመድ አትሰኩ» የሚል ሕግ ቢወጣባቸው ኖሮ ጸሐፊው ዛሬ የሚናፍቁት ዘፈን አይኖርም ነበር።

ሥነ ሥርዓት ጠፋ ስለሚባለው

ከሁሉ በላይ ያመመኝ ይሄኛው ነው። «ዛሬ ልጆቹ ይንከባለላሉ፣ ይደንሳሉ፤ ቀጥ ብሎ መቆም ቀርቷል» ይላሉ።

ልጄ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ በገመድ የምታንጠለጥላት ትንሽ ደብተር ነበረቻት። ሁሉም ልጅ አለው። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከ40 ያርድ መስመር 2 እርምጃ ከሩብ ወደ ውጭ፣ ከፊተኛው ሐሽ (ሜዳው ላይ ከተሰመረው ምልክት) 6 እርምጃ ወደ ኋላ፣ በ16 ምት መድረስ። እንዲህ ያለ ነጥብ ከመቶ በላይ ነበራት። እርምጃውም እንዲሁ የሚረገጥ አይደለም። በስምንት እርምጃ አምስት ያርድ ነው የሚሄዱት፤ አንዷ እርምጃ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። እግር ያንን ርዝመት ያለ ዓይን እስኪያውቀው ድረስ ይለማመዱታል። የደብተሯ ገጾች በላብ ርሰው፣ ደርቀው፣ እንደገና ርሰው እንደ ቅጠል ተጨማደዋል። ዛሬም አልጋዋ አጠገብ ተሰቅላ አለች።

አንዷን የ16 ምት ቦታ 40 ደቂቃ ሲደጋግሟት አይቻለሁ። ሐምሌ ነው፣ ጥላ የለም። አሠልጣኙ «አንዴ ደግሞ» ባለ ቁጥር ልጆቹ ወደ መነሻቸው በእግራቸው አይመለሱም። ይሮጣሉ። እጃቸው ላይ የአንድ ጋሎን የውሃ ጀሪካናቸው አለ። ከዚያ ደግሞ ልጄ ባሪቶኗን አቅፋ ተንበርክካ፣ ተሽከርክራ፣ ብድግ ብላ፣ ወዲያው የማይንቀጠቀጥ ረጅም ድምፅ መያዝ አለባት። ይህ ሥነ ሥርዓት ካልሆነ ምን ይባላል?

ዳንሱም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ በ1973ና በ1974 ሻምፒዮን የነበረ ኮር ነው። በዚያው በ1970ዎቹ ስሙን ከተከሉለት ነገሮች አንዱ «የጠርሙስ ዳንስ» የሚባለው ነው። ያንን ዘመን ነው ጸሐፊው «ቀጥ ብሎ የመቆም ዘመን» የሚሉት።

የሰልፉ ቅርፅም ተለውጧል። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሜዳው በግራና በቀኝ እኩል የተከፈለ ነበር። ቀኙ የሚሠራውን ግራው ይደግመዋል። ዳኞቹ ደግሞ ስሕተት እየለቀሙ በእያንዳንዷ ስሕተት አንድ አሥረኛ ነጥብ ይቀንሱ ነበር። ይህ የአቆጣጠር ዘዴ በ1984 ቀረ። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ጆርጅ ዚንጋሊ የተባለ የሰልፍ ንድፍ ባለሙያ ለኒው ጀርዚው ጋርፊልድ ካዴትስ የሚጠማዘዙ፣ የሚዘረጉ፣ ግራና ቀኛቸው የማይመሳሰሉ ቅርፆች ሠራ። ካዴትስ በ1983 አሸነፈ። ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የዲሲአይን ሻምፒዮና ያሸነፈ የመጀመሪያው ኮር ሆነ። በ1984ም በ1985ም ደገመው። ጸሐፊው ይህን ትርዒት ከወርቃማዎቹ መሐል ቆጥረውታል። ልክ ናቸው። ግን እሱ ራሱ በዘመኑ የነበረውን ሥርዓት አፍርሶ የመጣ ነው።

ስለ ዩኒፎርሙና ስለ ባርኔጣው ብዙ አልከራከርም። ረጅሙ ላባ እኔም ይናፍቀኛል።

ተመልካቹ ሸሸ?

ጸሐፊው የ1993ን ስታር ኦፍ ኢንዲያና የውድቀት መጀመሪያ አድርገው አቅርበዋል። የታሪኩን መጨረሻ ግን አልነገሩንም። ስታር በ1985 መወዳደር ጀምሮ በ1991 ሻምፒዮን የሆነ ኮር ነው። በ1993 ጨለም ያለ፣ ለጆሮ የሚከብድ ሙዚቃ ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር ይዞ መጣ። ብዙ ተመልካች አልወደደውም፤ የጮኹበትም ነበሩ። በፍጻሜው በአንድ አሥረኛ ነጥብ በካዴትስ ተሸነፈ። ከዚያ ዓመት በኋላ ውድድሩን ተወ። ሰዎቹ ግን አልተበተኑም። በመድረክ ላይ ሥራቸውን ቀጠሉ። «ብላስት» የተባለው ትርዒታቸው በ1999 ለንደን ላይ ተከፈተ፣ በ2001 ብሮድዌይ ገባ፣ በዚያው ዓመት የቶኒ ሽልማት አገኘ። ዛሬ የማንኛውንም ኮር እንቅስቃሴ ያየ ሰው የዚያን የ1993 ትርዒት አሻራ ያገኛል። ያኔ የጮኹት ሰዎች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። ያልለመዱትን ነገር ነው የሰሙት።

ዜማን በተመለከተ ግን እጄን ወደ ጸሐፊው እዘረጋለሁ። አንዳንድ የዛሬ ትርዒቶች ዜማውን አራት ሰከንድ አራት ሰከንድ እየቆረጡ ይቀጣጥሉታል። ልብ ሊሞቅ ሲል ይቋረጣል። እኔም አንድ ዜማ ከነሙሉ ክብሩ ሲዘረጋ መስማት እፈልጋለሁ። ግን ይህ የንድፍ ባለሙያዎቹ ምርጫ እንጂ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። ጸሐፊው ያመሰገኑትን ፋንተም ሬጅመንት የተባለውን የ2008 ሻምፒዮን ኮር እናንሣ። «ስፓርታከስ» የተባለው ትርዒት የትያትር ተውኔት ያህል ነበር። ሜዳው ላይ ገዳይና ተገዳይ ነበረው። ያኔ የጂ ቢውግል ሕግ ከተነሣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ያሸነፈው በ0.025 ነጥብ ነው፤ ሕዝቡም ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ያየው። በ1940 የተመሠረተው ቦስተን ክሩሴደርስ የመጀመሪያ የዲሲአይ ሻምፒዮናነቱን ያገኘው ደግሞ በ2025 ነው። ያንን ያህል ዘመን የጠበቁ ሽማግሌዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲደሰቱ ያየ ሰው ተመልካቹ ሸሸ አይልም።

ኮሮቹ ለምን ጠፉ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጸሐፊው እዚህ ላይ የተሳሳቱት ስሕተት የሚጎዳ ነው።

ድሮ ኮር የሰፈር ነገር ነበር። ካዴትስ በ1934 ጋርፊልድ ውስጥ ካለ የካቶሊክ ደብር ነው የወጣው። ማዲሰን ስካውትስና ካቫሊየርስ ከቦይ ስካውት ቡድኖች ነው የተነሡት። ልጁ ከቤቱ በእግሩ ሄዶ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ አጠገብ ካለው ከተማ ጋር ይወዳደራል፣ ማታ ቤቱ ይተኛል። ወጪውን ደብሩ፣ የዘማቾች ማኅበሩ፣ የቢንጎ ጨዋታ ገቢው ይሸፍነዋል። የድሀ ልጅ መሣሪያ ተሰጥቶት ይሰለፍ ነበር።

እነዚህ የሰፈር ኮሮች በብዛት የጠፉት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። እስቲ ዘመኑን ከጸሐፊው ክስ ጋር ያስተያዩት። ያኔ ማይክ የለም። ሲንተሳይዘር የለም። ሁሉም ኮር በጂ ቢውግል ነበር የሚነፋው፤ ሕጉ እስከ 2000 አልተነሣም። ታዲያ ገና ያልተወለደ ነገር እንዴት ይገድላቸዋል?

የገደላቸው መንገዱ ነው። ውድድሩ አገር አቀፍ ሲሆን አውቶቡስ፣ ነዳጅ፣ የጭነት መኪና፣ የምግብ መኪና፣ የአሠልጣኝ ደመወዝ መጣ። ደብሩ ያንን አልቻለም። የተረፉት ትላልቆቹ ናቸው። እነሱም ዛሬ ልጆችን ከመላ አገሪቱ በፈተና ይመርጣሉ። በታላላቆቹ ኮሮች የአንድ ሰመር ክፍያ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ሲጨመርበት፣ ሰመሩን ሳይሠራ የቀረው ደመወዝ ሲታሰብ፣ ለአንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን።

ወደ ጂ ቢውግል እንመለስ ቢባል ደግሞ ይህንኑ ቁስል ማስፋት ነው። የጂ ቢውግልን ከድራም ኮር በቀር የሚጠቀምበት የለም። ፋብሪካው ጥቂት ብቻ ይሠራል፣ ዋጋው ይከብዳል፣ ሲያረጅ የሚገዛው አይገኝም። የቢ ፍላቱን መሣሪያ ግን ኮሩ ሰመሩ ሲያልቅ ለትምህርት ቤት ይሸጠዋል። ልጁም በትምህርት ቤቱ የተማረበትን መሣሪያ ነው የሚይዘው። ሕጉ ሲለወጥ አንዱ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነበር። ትናንሽ ኮሮች እንዲተርፉ የምንፈልግ ከሆነ በውድ ዋጋ የሚገኝ መሣሪያ ልናስገድዳቸው አይገባም።

የቅርብ ጊዜውን እንይ። ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ፣ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው፣ በ2023 በገንዘብ ችግር ሳይሰለፍ ቀረ። በ2024 ተመልሷል። ካዴትስ ግን አልተመለሰም። አሥር የዲሲአይ ሻምፒዮናነት ያለው ያ ኮር በ2024፣ በተመሠረተ በ90 ዓመቱ ተዘጋ። ምክንያቱ በ1980ዎቹ በአንዲት የቀድሞ አባል ላይ ተፈጽሟል ስለተባለ ወሲባዊ ጥቃት የቀረበ ክስና እሱ ያስከተለው ወጪ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ጸሐፊው ስለ ካዴትስ ሲያዝኑ ይህችን አንዲት መስመር እንኳ አልጻፉም። «የትውፊት መጥፋት» ብለው አለፉት። ልጅን ለሰመር ሙሉ ለማያውቀው ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ወላጅ መጠየቅ ያለበት ስንት ቫልቭ አለው ብሎ አይደለም። ማታ ማን ይጠብቃቸዋል? ልጁ ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይናገራል? የነገረውን ሰውስ ማን ይቆጣጠረዋል? እኔ የምግብ መኪናው ላይ የገባሁት ግማሹ ምክንያት ይኸው ነበር። በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው።

እኩለ ሌሊት ላይ የመጨረሻውን እራት እናወጣለን። በቀን አራት ጊዜ ነው የሚበሉት። አንድ ምሽት ሩዝ በምስር ሠራሁ፣ በርበሬውን ቀነስ አድርጌ። ልጆቹ ሰልፍ ይዘው ደገሙ። ልጄ ግን ሳህኗን ይዛ መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ምነው ስላት፣ «እሷ እዚህ ብትሆን ሦስቴ ነበር የምትነሣው» አለችኝ። «እሷ» ያለቻት አብራት የተፈተነችውን ጓደኛዋን ነው። ሁለቱም አልፈው ነበር። እውነቱን ለመናገር ጓደኛዋ ከልጄ ትበልጣለች። እናቷ ሁለተኛውን ክፍያ መክፈል አልቻለችም። ከኮሩ ቢሮ የክፍያ ቀን ማለፉን የሚናገር አጭር ኢሜይል መጣላቸው፤ ቦታዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ያቺ ልጅ ስለ ቢ ፍላትና ስለ ጂ አልጠየቀችም። የተሰጣትን ትነፋ ነበር።

ስለዚህ ፊርማውን አልፈርምም። ጸሐፊው ለፊርማው የሚያወጡትን ጊዜ ግን እፈልገዋለሁ። 50 ዓመት የተከታተሉ ሰው ናቸው፤ የሚያውቁት ሰው ብዙ ነው። ያቺ ልጅ ዘንድሮ 20 ዓመት ሞላት። ሁለት ሰመር ብቻ ነው የቀራት። በኅዳር ፈተናው ይጀመራል፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከገና በፊት ነው። አባቴ፣ ስልኬን ጽሑፍዎን የላከልኝ ወዳጃችን ይዞታል።